የፊሊፒንስ ፓርላማ አባል ታሪክ እንዴት ይጻፋል፦ ማኒ ፓኪያዎን ይዘን፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሚኒ ሚዲያ የሚሰሩ ልጆችን አግዛለሁ፣ በየወሩ የአንድ ሰው ታሪክ ይጽፉና ጠዋት ሰልፍ ላይ በማይክ ያነቡታል። ባለፈው አንዱ ልጅ ማኒ ፓኪያዎን ልጻፍ አለ፣ ቡጢኛውን ማለት ነው፣ ጻፍ አልኩት፣ ጽፎ ሲያመጣ ሁለቱም ገጽ ቡጢ በቡጢ ነው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ "የፓርላማ አባልም ነበር" የምትል አንድ መስመር አለች። እኔን የያዘችኝ ያቺ መስመር ናት። ሰውየው እኮ 6 አመት ሙሉ የአንድ ክፍለ ሀገር ህዝብ ወክሎ ምክር ቤት ተቀምጧል፣ እሱ ሁሉ በአንድ መስመር እንዴት ያልቃል?

ሌላም ነገር አለኝ። እህቴ ኩዌት ብዙ አመት ሰርታ ነው የመጣችው፣ ወሎ ውስጥ እንዲህ አይነት እህት የሌለው ቤት ስንት ነው፣ እና እዛ እያለች ከጎረቤት ቤት የምትሰራ አንዲት ፊሊፒናዊት ጓደኛ ነበረቻት። የልጅቷ አሰሪ ደሞዟን ሲይዝባት ምን አደረገች መሰላችሁ፣ የትውልድ ቦታዋ ተወካይ ቢሮ ጻፈች። መጻፍ ብቻ አይደለም መልስ መጣላት። እህቴ ይሄን ስትነግረኝ "እኔ ግን የኔ ተወካይ ስሙ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር" አለችኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ የፊሊፒንስ ተወካዮች ነገር ይገርመኛል፣ ልጁ ፓኪያዎን ሲያመጣልኝ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። ከልጆቹ ጋር ሶስት ቅዳሜ ተቀምጠን እንደገና ሰራነው፣ እንዴት እንደሰራነው እነሆ፣ እናንተም ሌላ ተወካይ ይዛችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ከልደቱ አትጀምሩ። ሁላችንም "እገሌ በዚህ ቀን ከእናቱና ከአባቱ ተወለደ" ብለን ነው የለመድነው፣ ለተወካይ ግን ይሄ አይሰራም፣ ከወንበሩ ነው የሚጀመረው፦ ወንበሩ የማን ነው፣ ስንት አመት ይያዛል፣ ማን ይሰጣል፣ ማን ይነሳል። ወንበሩን ሳታውቁ ሰውየው ምን እንደሰራና ምን እንዳልሰራ መለየት አትችሉም።

የፊሊፒንስ ምክር ቤት ሁለት ነው። ላይኛው ሴኔት 24 ሰው ብቻ ነው ያለው፣ እነሱን መላው ሀገር ይመርጣቸዋል። ታችኛው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ከማኒላ አጠገብ ኬሶን ሲቲ የሚባል ከተማ ነው የሚሰበሰበው፣ ከ300 በላይ አባል አለው፣ አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው ከአንድ የምርጫ ክልል ይመጣሉ፣ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ደግሞ ፓርቲ ሊስት በሚባል መንገድ ይገባል፣ መራጩ ሰው ሳይሆን የፓርቲ ወይም የማህበር ስም ይመርጣል ማለት ነው፣ እሱ ላይ በኋላ እመለሳለሁ ምክንያቱም ለኛ ሰው ዋናው ነገር እዛ ውስጥ አለ። እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ፦ ልጆቹ ዲስትሪክት የሚለውን "ወረዳ" ብለው ተርጉመውት ነበር፣ ተሁለደሬ ወረዳ ኩታበር ወረዳ እንደምንለው። አይደለም። ዲስትሪክቱ አስተዳዳሪ የለውም ጽህፈት ቤት የለውም፣ ድምፅ ለመቁጠር ተብሎ የተሰመረ መስመር ነው፣ ስለዚህ በኛ አጠራር "የምርጫ ክልል" ነው መባል ያለበት። ፕሮቪንስ የሚሉትን ደግሞ በድሮው ክፍለ ሀገር ብትሉት ትልልቆቹ ቶሎ ይገባቸዋል፣ ባራንጋይ የሚሉት ታችኛው እርከን ቀበሌ ነው በቃ።

ዘመኑ 3 አመት ነው። 3 ብቻ! የኛ 5 ነው፣ እነሱ ግን ገና ቤቱን ሲለምዱት ምርጫ ይደርሳል። ምርጫው በነሱ ሜይ ሁለተኛው ሰኞ ላይ ነው፣ ስልጣኑ የሚጀምረው ጁን 30 ቀትር ላይ ነው፣ አንድ ሰው ደግሞ በተከታታይ ከ3 ጊዜ በላይ መመረጥ አይችልም፣ 9 አመት ሲሞላው መውረድ አለበት። ይሄን ካወቃችሁ የማንኛውንም ተወካይ የስራ ዘመን እንደ ደረጃ መቁጠር ትችላላችሁ፣ ፓኪያዎ በፈረንጅ 2010 ገባ፣ 2013 ደገመ፣ 2016 ላይ ሶስተኛውን ሳይጠብቅ ወደ ሴኔት ወጣ። ለመወዳደር የሚጠየቀውም ቀላል ነው፦ በትውልድ ፊሊፒናዊ መሆን፣ 25 አመት መሙላት፣ ማንበብና መጻፍ መቻል፣ በዛ የምርጫ ክልል በመራጭነት መመዝገብና ከምርጫው በፊት ቢያንስ አንድ አመት እዛው መኖር። ዲግሪ ምናምን የለም። ፓኪያዎ ሁለተኛ ደረጃን በፈተና ያጠናቀቀው 2007 ላይ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምክር ቤት የተወዳደረውም በዛው አመት ነው፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ሰውየው ምን እያሰበ እንደነበር ይታያችኋል።

አሁን የቀን አቆጣጠር። ባጭሩ፣ አንዱን ምረጡና እስከመጨረሻው በሱ ሂዱ፣ እኔ እዚህ የምጽፈው ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ በኛ ከሆነ "በኛ" እላለሁ። ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገራችሁ፦ የፊሊፒንስ ህገ መንግስት የ1987 ነው ይባላል፣ የኛም ህገ መንግስት 1987 ነው ይባላል፣ ልጆቹ "እንዴ ባንድ አመት ነው የወጡት!" ብለው ሊጽፉት ነበር። የነሱ በፈረንጅ 1987 ፌብሩዋሪ 2 ቀን በህዝብ ድምፅ የጸደቀ ነው፣ በኛ ጥር 25 ቀን 1979 ማለት ነው፣ የኛ ደግሞ ህዳር 29 ቀን 1987 በኛ የጸደቀ ነው፣ 8 አመት ገደማ ልዩነት አለው። ጎግል ላይ አማርኛ ጽሁፍ ስታነቡ ይሄ ስህተት ሞልቷል።

ስሙ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ሀበሻ ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። የሰውየው ሙሉ ስም ኢማኑኤል ዳፒድራን ፓኪያዎ ነው። ልጃችን የጻፈው "ኢማኑኤል አባቱ ዳፒድራን አያቱ ፓኪያዎ" ብሎ ነው፣ እኛ ስማችንን እንደዛ ስለምናነብ አይፈረድበትም፣ ግን ፊሊፒንስ ውስጥ መሀል ላይ ያለው ስም የእናት ቤተሰብ ስም ነው፣ እናቱ ዳዮኒሲያ ዳፒድራን ናት፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፓኪያዎ የአባቱ ቤተሰብ ስም ነው፣ የአባቱ መጠሪያ ስም ሮዛሊዮ ነው ጭራሽ ስሙ ውስጥ የለም። ስለዚህ "አቶ ኢማኑኤል" ሳይሆን "ፓኪያዎ" እያላችሁ ነው መጻፍ ያለባችሁ፣ አቶ ብትሉም አቶ ፓኪያዎ።

ይሄ የስም ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ትልቅ በር ይከፍታል። የቤተሰብ ስም ስላላቸው ዘመድ ዘመዱን ሲሾም ወይም ሲከተል ወረቀቱ ላይ በግልፅ ይታያል። ፓኪያዎ ምክር ቤት እያለ 2013 ላይ ሚስቱ ጂንኪ ፓኪያዎ እሱ የሚወክለው የሳራንጋኒ ክፍለ ሀገር ምክትል ገዢ ሆና ተመረጠች። 2019 ላይ ወንድሙ ሮጄሊዮ ፓኪያዎ እሱ የነበረበትን ወንበር ያዘ፣ ሌላው ወንድሙ አልቤርቶ ደግሞ በዛው አመት በፓርቲ ሊስት ገባ። እነሱ ይሄን ዳይናስቲ ይሉታል። ህገ መንግስታቸው አንቀፅ 2 ክፍል 26 ላይ የፖለቲካ ዳይናስቲ ይከለከላል ይላል ግን "በህግ በሚተረጎመው መሰረት" የምትል ጭራ አለችው፣ ትርጉሙን የሚያወጣው ደግሞ ማን ነው፣ እዛው ውስጥ የተቀመጡት ተወካዮች ናቸው፣ እስከዛሬ ለምክር ቤት ወንበር የሚሰራ ህግ አላወጡም። ለወጣቶች ምክር ቤት ብቻ ነው 2016 ላይ ያወጡት። ይሄ ያናድደኛል፣ የምር ያናድደኛል፣ ግን ስትጽፉት ስድብ አታስገቡበት፣ አመቱንና ስሙን ደርድሩት አንባቢው ራሱ ያየዋል።

የኛ ደግሞ በተቃራኒው ነው አስቡት። አባት አህመድ፣ ልጅ ሰይድ አህመድ፣ የልጅ ልጅ ከማል ሰይድ፣ ሶስቱም በተራ አንድ ወንበር ላይ ቢቀመጡ ከስም ዝርዝር ላይ አያትና የልጅ ልጅ መሆናቸውን ማንም አያውቅም። ወሎ ላይ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ስም ተቀላቅሎ ነው የምታገኙት፣ ያጎት ልጅ ሀይሌ ያክስት ልጅ መሀመድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራሳችንን ሰው ስትጽፉ ዝምድናን በስም አትፈልጉት፣ ትልልቅ ሰው ነው የሚጠየቀው።

ቀጥሎ ሽንፈቱን ፈልጉ። የተሸነፈበት ምርጫ ካሸነፈበት በላይ ይናገራል ብዬ ነው የማምነው። ፓኪያዎ 2007 ላይ የተወዳደረው ጄነራል ሳንቶስ ከተማ ባለችበት ደቡብ ኮታባቶ 1ኛ የምርጫ ክልል ነው፣ ያደገባት ከተማ ናት፣ በዛን ሰአት አለም የሚያውቀው ቡጢኛ ነው፣ እና ተሸነፈ። ያሸነፈችው እዛው ወንበር ላይ የነበረችው ዳርሊን አንቶኒኖ ኩስቶዲዮ ናት። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ አላመኑም፣ "እንዴት ጀግናቸውን አይመርጡም?" አሉ። ጥያቄውን አትመልሱላቸው፣ አስጽፏቸው። በቡጢ መውደድና በተወካይነት ማመን አንድ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ከዛ ምን አደረገ፣ ቦታ ቀየረ። አጠገቡ ያለችው ሳራንጋኒ የምትባል ክፍለ ሀገር፣ 1992 ላይ ከደቡብ ኮታባቶ ተቆርጣ የወጣች፣ 7 ከተማ ብቻ ያላት፣ ሚንዳናው ደሴት ደቡብ ጫፍ ባህር ዳር ናት፣ ሚስቱ ከዛ ኪያምባ ከሚባል ከተማ ነች፣ እሱም መኖሪያዬ ኪያምባ ነው አለ። ያ የአንድ አመት ነዋሪነት መስፈርት ትዝ አላችሁ? ለዚህ ነው መጀመሪያ ወንበሩን እወቁ ያልኳችሁ፣ መስፈርቱን ካላወቃችሁ "ወደ ኪያምባ ተዛወረ" የሚለው የቤት ለውጥ ብቻ ይመስላችኋል። ሜይ 10 ቀን 2010፣ በኛ ግንቦት 2 ቀን 2002፣ በአካባቢው ለረጅም ጊዜ ስልጣን ከያዘ ቤተሰብ የመጣውን ሮይ ቺዮንግቢያንን በሰፊ ልዩነት አሸነፈው። 2013 ላይ ደግሞ ተፎካካሪ እንኳን አልቀረበለትም። እዚህ ጋ "ህዝቡ ስለወደደው ነው" ብላችሁ አትሩጡ፣ ያለ ተፎካካሪ ማሸነፍ ፍቅርም ሊሆን ይችላል ፍርሀትም ሊሆን ይችላል የገንዘብ አቅምም ሊሆን ይችላል፣ እሱ በዛን ጊዜ ከምክር ቤቱ አባላት ሁሉ ሀብታሙ ነበር፣ የሀብት ምዝገባቸው በየአመቱ ስለሚቀርብ ይታወቃል። ያወቃችሁትን ብቻ ጻፉ፦ ተፎካካሪ አልነበረውም።

የትውልዱን ነገር አሁን ታስገባላችሁ፣ በአንድ አንቀፅ፦ ዲሴምበር 17 ቀን 1978 ኪባዌ ቡኪድኖን ተወለደ፣ ጄነራል ሳንቶስ አደገ፣ በድህነት ምክንያት በልጅነቱ ወደ ማኒላ ሄደ፣ በ16 አመቱ በፕሮፌሽናል ደረጃ ቡጢ ጀመረ፣ በ8 የተለያየ ኪሎ ሻምፒዮን ሆነ። በቃ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል።

ስራው ላይ ግን ተቀመጡ። ሰው "ይሄን ያህል ህግ አቀረበ" ሲል ሰምታችሁ እንዳትሸወዱ። ረቂቅ ማቅረብ አንድ ነገር ነው፣ በጋራ መፈረም ሌላ ነገር ነው፣ ህግ ሆኖ መውጣት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ረቂቁ ሶስት ጊዜ ይነበባል፣ መጀመሪያ ርዕሱ ተነቦ ወደ ኮሚቴ ይመራል፣ ሁለተኛው ላይ ክርክርና ማሻሻያ ይደረጋል፣ ሶስተኛው ላይ የመጨረሻ ድምፅ ይሰጣል፣ ከዛ ሴኔት አለ፣ ከዛ ፕሬዝዳንቱ። አብዛኛው ረቂቅ ኮሚቴ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ተወካይ ስም ያለበት ረቂቅ ስታገኙ "የት ደረሰ?" ብላችሁ ተከታተሉት፣ የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ብታስገቡ ያወጣላችኋል።

እኛ ለማወዳደር ሌላ ተወካይ ጨመርን፣ ኤድሴል ላግማን፣ ከአልባይ 1ኛ የምርጫ ክልል፣ የሰብአዊ መብት ጠበቃ የነበሩ፣ ጃንዋሪ 2025 ላይ ነው ያረፉት። የሳቸው ትልቁ ስራ የቤተሰብ ምጣኔ ህጉ ነው። ካቶሊክ ቤተክርስቲያን አጥብቃ ትቃወመው ስለነበር ከአስር አመት በላይ በየምክር ቤቱ ሲወድቅ ሲነሳ ኖሮ ዲሴምበር 2012 ላይ ሁለተኛው ንባብ 113 ለ 104 አለፈ፣ አስቡት በ9 ድምፅ ነው፣ በዛው ወር የሪፐብሊክ ህግ ቁጥር 10354 ሆኖ ተፈረመ። ፓኪያዎ ደግሞ ተቃዋሚ ነበር፣ 2011 ላይ ምክር ቤቱ ውስጥ ተነስቶ ላግማንን ፊት ለፊት ጠይቋቸዋል፣ አንድ ቡጢኛ ከአንድ አንጋፋ ጠበቃ ጋር ሲከራከር ሀገር ነው የተመለከተው። ድምፅ የተሰጠው ደግሞ ፓኪያዎ ሪንግ ውስጥ በቡጢኛው ማርኬዝ ተመትቶ በወደቀ በቀናት ውስጥ ነው፣ ዲሴምበር 8 ተዘረረ፣ መጥቶ አልደግፍም ብሎ ድምፁን ሰጠ። በህጉ ትስማሙም አትስማሙም የሱ የምክር ቤት ህይወት በጣም ጎልቶ የሚታይበት ሰአት ይሄ ነው፣ ልጆቹ ታሪኩን የጀመሩትም ከዚህ ነው።

ላግማን ራሳቸውም ከ9 አመቱ ገደብ ጋር ምን እንዳደረጉ ተመልከቱ፣ 2013 ላይ ሶስት ዘመናቸው አለቀ፣ ልጃቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ 2016 ላይ እሳቸው ተመለሱ። የምወዳቸው ሰው ናቸው ግን ይሄንንም ጽፈነዋል፣ የፓኪያዎን ቤተሰብ ቆጥረን የሳቸውን ብንዘል ልክ አይሆንም።

መገኘትና መቅረት። ይሄ ተወካይን የሚመዝን ቀላል ሚዛን ነው። ፓኪያዎ 2014 ላይ ከምክር ቤት ስብሰባ በብዛት በመቅረት ስሙ ጋዜጣ ላይ ሲነሳ ነበር፣ በዛው አመት ቡጢ ይለማመዳል፣ ጭራሽ የቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝም ተጫዋችም ሆኖ ነበር። 2015 ሜይ 2 ከሜይዌዘር ጋር ላስ ቬጋስ ሲጋጠም፣ እኛ ጋ እሁድ ንጋት ላይ ተነስተን ያየነው እሱ ጨዋታ፣ ሪንግ ውስጥ የነበረው የሳራንጋኒ ህዝብ ተወካይ ነው እኮ። ልጆቹን "እናንተ የሳራንጋኒ መራጭ ብትሆኑ በዛን ቀን ምን ይሰማችሁ ነበር?" ብላቸው ግማሹ እኮራ ነበር አለ ግማሹ ወንበሬ ባዶ ነው እል ነበር አለ፣ ሁለቱንም አስገባናቸው።

ገንዘቡን በአጭሩ። እስከ 2013 ድረስ እያንዳንዱ ተወካይ በየአመቱ 70 ሚሊዮን ፔሶ ለፕሮጀክት የሚመድበው ነበረው፣ መንገድ፣ ክሊኒክ፣ የትምህርት እርዳታ። የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ኖቬምበር 2013 ላይ ህገ መንግስቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው፣ ምክንያቱም ህግ አውጪ ሆኖ በጀት መርጦ ማውጣት ስራው አይደለም። "እገሌ መንገድ አሰራልን" የሚል ነገር ስታነቡ በማን ገንዘብ፣ በየትኛው አመት ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ፓርቲ ሊስት ያልኳችሁ። ውጭ ሀገር የሚሰሩ ፊሊፒናውያን ከ2004 ምርጫ ጀምሮ ባሉበት ሆነው ይመርጣሉ፣ ኩዌት ያለችው የእህቴ ጓደኛ ለፕሬዝዳንት፣ ለምክትሉ፣ ለሴናተሮችና ለፓርቲ ሊስት ድምፅ ትሰጣለች። ለትውልድ ቦታዋ ተወካይ ግን አትሰጥም። ያ ደሞዟ ሲያዝ የጻፈችለት ቢሮ እሷ በዛን ሰአት ልትመርጠው የማትችለው ሰው ቢሮ ነው ማለት ነው። ለምን ታዲያ መለሰላት? እናቷና ወንድሞቿ ይመርጣሉ። እህቴ ናት ይሄን ያስረዳችኝ፣ ስደተኛዋ የምትልከው ብር የሚበላበት ቤት ሁሉ መራጭ አለ አለችኝ። የፓኪያዎ ወንድም አልቤርቶም የገባው የውጭ ሀገር ሰራተኞች ቤተሰብን እወክላለሁ በሚል ፓርቲ ሊስት ነው። የተወካይን ታሪክ ስትጽፉ ማን እንደመረጠው ብቻ ሳይሆን ማን ቤት ላይ እንደሚንጠለጠል እዩ።

በመጨረሻ የራሳችንን ሰው ልትጽፉ ከተነሳችሁ ጥቂት ነገር ይቀየራል። ምክር ቤታችን 547 ወንበር ነው፣ የዘመን ገደብ የለም፣ ስለዚህ በ3 አመት ደረጃ አትቆጥሩም። በ2014 በኛ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ብዙ መስሪያ ቤት ስለተዘረፈ ወረቀት ላይ ብቻ አትመኩ፣ ሰውየው ተወለደበት የተባለው ቀበሌ ሂዱ። ትልልቆቹን ስታገኙ ቀጥታ ስለፖለቲካ አትጠይቁ፣ "አባባ፣ እማማ፣ ይሄ ልጅ ሲያድግ ያውቁታል?" በሉ፣ ቡና ከተፈላ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ በሉ፣ ዋናው ወሬ የሚመጣው በረካ ላይ ነው። ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፣ አይሆንም ካሉ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና በጆሯችሁ ያዙት፣ ከወጣችሁ በኋላ ወዲያው መኪና ሳትይዙ ጻፉት። አንድ ሰው የነገራችሁን ሁለተኛ ሰው ሳይደግመው እንዳታስገቡ። ከዛ ጽሁፉን መልሳችሁ ወስዳችሁ አንብቡላቸው፣ የኛ ልጆች ለእህቴ ነው ያነበቡላት፣ "ኩዌት" የሚለው ጋ ስትደርስ አስቁማ አንድ ቃል አስተካከለቻቸው፣ "ጓደኛዋ" ያሉትን "እህቷ" በሉት አለች።